ያልተሰበረ ዜማ

በሽኝቴ ዕለት የተመሰገንሁት በተከለከልሁት ሥራ ነው። አዲሱ ዳይሬክተር፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት፣ ማይክራፎኑን ይዞ «መምህርት ዘርፌ ልጆችን በመዝሙር ሲያስተምሩ የኖሩ ባለውለታችን ናቸው» አለና አስጨበጨበልኝ። በመዝሙር እንዳላስተምር የታገድሁባቸው ዓመታት ካስተማርሁባቸው እንደሚበልጡ የነገረው ሰው አልነበረም። በሽኝት ቀን ክርክር አይነሳም። የበግ ጠጉር ባና ደረቡልኝ፣ ለስላሳ ጠጣን፣ ተለያየን።

የጡረታዬን ነገር ተዉት፤ ስለ እሱ ማውራት ራስን ማሳመም ነው። ከዕድሜዬ ቀድሜ የወጣሁት ጉሮሮዬ እንቢ ስላለኝ ነው። የጠመኔ ብናኝና የመንዝ ውርጭ ተባብረው ድምፄን በሉት። ዛሬ ገበያ ውስጥ ሰው መጥራት ሲያምረኝ እጄን አነሳለሁ እንጂ አልጣራም። ድምፁን ለሥራው የሰጠ ሰው ሥራው ሲያፌዝበት ምን እንደሚሰማው ልጽፍ ነው የተነሳሁት፤ የሚያስደስት ነገር የሚጠብቅ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያ ምደባዬ ግሼ ነበር፣ ራቤል፤ መንግሥት በተለወጠ ማግሥት። ማሠልጠኛ ውስጥ የተማርሁት ሙዚቃ ዶ ሬ ሚ የሚባል ነበር። ለዚያ ሁሉ ሰልጣኝ አንድ አኮርዲዮን ነበረን፤ እሱም ትንፋሹ ያፈተልክ ነበር። ራቤል ስደርስ ያም የለም። ኅዳር ላይ ነው የገባሁት፤ ጧት አንደኛ ክፍል ገብቼ ልጆቹን ፊደል ስጠይቅ የሚመልስ ጠፋ። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ደደቦች ናቸው ብዬ ደመደምሁ፤ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ለመደምደም አይቸገርም።

ከጎኔ ያለውን ክፍል የሚያስተምሩት ጋሽ ዘነበ ነበሩ። በልጅነታቸው ድጓ ጀምረው፣ አባታቸው ሲሞቱባቸው አቋርጠው፣ በኋላ የመንግሥት መምህር የሆኑ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከአንደኛ ክፍል ወጥተው አያውቁም፤ ዕድገት ሲመጣ እንኳ «እኔ ሁለተኛ ክፍል አልተማርሁም» ብለው እየቀለዱ ይመልሱታል። በግድግዳው በኩል ጧት ጧት ከክፍላቸው የሚመጣው ድምፅ እንደ ንብ ቀፎ ነበር። ልጆቹን አፋቸውን አዘግተው ያስጎመጉሟቸዋል። አገጫቸው ሲፍታታ አፍ ይከፈታል፣ ከዚያ ፊደል ይመጣል።

ምን እያደረጉ እንደሆነ ብጠይቃቸው «አፉ ያልሞቀ ልጅ ፊደል አይጠየቅም፤ ብርዱ ድንቁርና መስሎሽ ልጁን ትጥዪዋለሽ» አሉኝ። ሙዚቃን የተማርሁት ያን ቀን ነው።

ልማዳቸው ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲያዜሙ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እንግዳ ሰው ቢያይ ያንቀላፉ ይመስለዋል። እሳቸው ግን እየሰሙ ነው። ያወቀ ልጅ ከጓደኞቹ እኩል አፉን ይከፍታል፤ ያላወቀው ጥቂት ዘግይቶ፣ የሌላውን ድምፅ ጭራ ይዞ ይገባል። ያን የዘገየ ድምፅ ሲሰሙ ሳይዞሩ የልጁን ስም ይጠራሉ። ተሳስተው አላየሁም። እኔም ከሳቸው ጋር እየቆምሁ ጆሮዬን አስተማርሁ፤ ለመለየት አንድ ክረምትና በጋ ፈጀብኝ።

«ዜማ አህያ ነው» ይሉኝ ነበር። «ያሸከምሽውን ሁሉ ይሸከማል፣ አያጉረመርምም። ግን ጭነቱን ቤት አድርሰሽ ካላራገፍሽው ተሸክሞት ይዞራል እንጂ ለማንም አይጠቅም።»

ማራገፉን «መስበር» ነበር የሚሉት። ልጆቹ ሀ ሁ ሂን በዜማ እየወረዱ ሳለ ድንገት በማስመሪያ ሰሌዳውን ይመታሉ። ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ጣቱ ዜማው በቆመበት ፊደል ላይ ያላረፈ ልጅ ይታያል። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ያስኬዷቸዋል፣ ከዚያ በአቡጊዳ። የቄስ ትምህርት ቤት ያልዋለ አንባቢ ካለ፣ አቡጊዳ ማለት ፊደሉ ሰልፉን ትቶ ቦታውንም ቅርፁንም እያፈራረቀ የሚመጣበት ገበታ ነው። አባቶች ይህን ያበጁት በከንቱ አልነበረም። ልጅ በሀሁ ዜማ እንደሚያታልላቸው፣ ራሱንም እንደሚያታልል ያውቁ ነበር። የሰመረውን ዜማ የሚያፈርስ ሁለተኛ ትምህርት አበጁ። ዜማው ልጁን ያስገባዋል፤ ሰበራው ፊደሉን ያስይዘዋል። አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አንድ ችግር መጣብኝ። መደመርና መቀነስን በከበሮ ምት ነበር የማስተምረው፤ የሰበካው ቄስ መልእክት ላኩብኝ። በጾም ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከበሮዋን አስቀምጣ ሳለ ትምህርት ቤት ከበሮ ይመታል ወይ፣ ልጆቻችንን እናስቀራለን አሉ። ደግሞ ልጆቹ ያለ ከበሮው አይደምሩም። ጋሽ ዘነበ ሳቁብኝ። «ከበሮው ይጹም፣ ምቱ አይጾምም» አሉና ካህናቱ በጾም በመቋሚያ ብቻ እንደሚዘምሙት፣ ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዘነበሉ እንዲቆጥሩ አደረጉ። ድምፅ የሌለው ምት ነበር። በፋሲካ ማግሥት ከበሮው ሲመለስ ልጆቹ ከበፊቱ የተሻለ ይደምሩ ነበር፤ ምቱ ከጆሯቸው ወደ ገላቸው ገብቶ ነበር። ቄሱም መጥተው አይተው መርቀውን ሄዱ።

በሥራ ዘመኔ ደስ ብሎኝ የኖርሁት እነዚያን የራቤል ዓመታት ነው። ከቤቱ ውጭ ቃል ተንፍሶ የማያውቅ ልጅ በብዙ ድምፅ መካከል ተደብቆ ድምፁን ሲሞክር፣ ቢሳሳት ማንም ሳያውቅበት ሲያርም፣ ከወር በኋላ ብቻውን ቆሞ ሲናገር አይቻለሁ። መደበቂያ መስጠት ትልቅ ነገር ነው። ክፋቱ ከተደበቁበት አለመውጣትም መኖሩ ነው።

ከዚያ ወደ መንዝ ተዛወርሁ። የሄድሁበትን ትምህርት ቤት ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ ደህና ሰዎች ይሠሩበታል። አንደኛ ክፍል ተሰጠኝ፤ በጋሽ ዘነበ መንገድ ጀመርሁ። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ወደደኝ። ብልህ፣ ንግግር አዋቂ፣ ለወረዳ ቅርብ የሆነ ሰው ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ልጆቼ ሲያዜሙ ሰምቶ ተገረመና እንግዶች ይዞ መጣ። ልጆቹ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ገጽ በገጽ በዜማ አወረዱት፤ በስልክ የሚቀረጽበት ዘመን አልነበረም እንጂ እንግዶቹ ይቀርጹት ነበር። እኔ እንደ ልማዴ መሐል ላይ ሰሌዳውን መታሁና ሰበርሁት። ልጆቹ ተደናገጡ፤ ጣቶች ፊደል ፍለጋ ተራወጡ፣ አንዷ አለቀሰች። ትምህርት ማለት እሱ ነበር። ለእንግዶቹ ግን ውርደት መሰላቸው።

ሲሄዱ ዳይሬክተሩ ጠራኝና ዘፈኑን ለምን እንደማቋርጥ ጠየቀኝ። አስረዳሁት። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝ፤ ከዚያ ሰበራው እንዲቀር፣ ዜማው እንዲበዛ አዘዘ። እንቢ አልሁ። በሳምንቱ ግምገማ ላይ ቀረብሁ። አቡጊዳ የፊውዳል ትምህርት ነው፣ መምህርቷ የድሮ ሥርዓት ናፋቂ ናት፣ ልጆችን በእንግዳ ፊት ታሸብራለች ተባለ። ከኔ ጋር ምሳ የሚበሉ መምህራን እጃቸውን አውጥተው መሰከሩብኝ። ጋሽ ዘነበ በዚያን ጊዜ ሞተው ነበር፤ ቢኖሩ ምን ይሉ እንደነበር እያሰብሁ ተቀመጥሁ። አንደኛ ክፍልን ተነጠቅሁ፤ የትልልቆቹን የሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ፣ ከሱም ጋር የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝ።

የዕቃ ክፍሉን ከአንደኛ ክፍል የሚለየው የችፑድ ግርዶሽ ብቻ ነበር። ዜማዬ በዚያ በኩል ይመጣል፤ አዲሷ መምህርት ያዘዟትን ትሠራለች፣ አልፈርድባትም። ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ እንደገና ከላይ። ማስመሪያ ሰሌዳ ሲመታ አንድ ቀን አልሰማሁም። በዚያ ላይ እስከ ሦስተኛ ክፍል ማንም አይወድቅም የሚል መመሪያ ስለነበር የሚጋለጥም የሚያጋልጥም የለም። ትምህርት ቤቱ ሞዴል ተባለ።

ከእነዚያ ድምፆች አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ይወጣ ነበር። አስካለ ትባላለች፤ የገብስ ገበሬው የአቶ ደምሴ ልጅ ናት። አውጪ አደረጓት፣ ሌሎቹ ተቀባይ። ስለ እርከን፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ ስለ ምርጫ የተገጠመ ሁሉ በሷ አፍ ይወጣል። ወረዳ ስብሰባ ሲኖር መኪና ላይ ትጫናለች፤ ከክፍል ስትቀር «የትምህርት ቤቱ ሥራ ላይ ናት» ይባላል። አባቷ በሷ ይኮሩ ነበር። ሽማግሌ ቢላክባቸው «ልጄ ተማሪ ናት» ብለው ሁለቴ መልሰዋል፤ በአገሩ ያልተለመደ ነገር ነው፣ ሰውም አውርቶባቸዋል።

አራተኛ ክፍል ስትደርስ በሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ እኔ ጋ መጣች። አንድ ቀን አዲስ መዝሙር ሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ፣ እያነበባችሁ ተከተሉኝ አልሁ። ፊቴ ወደ ሰሌዳው ነበር። ክፍሉ ተከተለኝ፤ የአስካለ ድምፅ ግን ዘገየ። ያ የሁሉ ቀዳሚ የሆነ ድምፅ የሌሎቹን ጭራ ይዞ ገባ። ሁለተኛውን ስንኝ ጻፍሁ፣ እንደገና ዘገየ። እጄ ሰሌዳው ላይ ቀረ። ሦስተኛ ጊዜ ስንደግመው ከሁሉም በልጣ አወጣችው፤ አንድ ጊዜ የሰማችውን አትረሳም ነበር።

ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድሁ። ልጅቱ ፊደል አትለይም አልሁት። አልደነገጠም፤ የደነገጥሁት እኔ ነኝ፣ ያውቅ ነበርና። የዞን ውድድር አለባት፣ ሞራሏን አትንኪባት፣ በኋላ ትደርስበታለች አለኝ። ፈተና በሰኔ ነው፤ አራተኛ ክፍል ደግሞ መውደቅ አለ። ብትወድቅ አባቷ እንደማያስቀጥሏት አገር ያውቃል። ስለዚህ በታኅሣሥ ወር በአንዱ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ ሰኔ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ጥቂት ሰዓት ልጅቱን እንዲተዉልኝ። በአቡጊዳ ፊደል ላስለያት እንደምችል እርግጠኛ ነበርሁ።

አቶ ደምሴን ለብቻቸው ላናግራቸው ብል እንቢ አሉ፤ የሷ ነገር እሷ ባለችበት ይነገር አሉ። ነገርኋቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «መጽሐፍሽን አምጪ» አሏት። አስካለ አመጣች፣ ከአባቷ ፊት ቆመች፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አወረደችው። ገጹን የምትገልጠው በቦታው ነው፤ ጣቷ በመስመሩ ሥር ይሄዳል። እናቷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«እንዲህ የምታነበውን ልጅ ነው አታነብም የሚሉኝ?» አሉ አቶ ደምሴ። «ከዳይሬክተሩ ጋር መቀያየማችሁን ሰምቻለሁ። በልጄ አይወጡት።»

መነሳት ነበረብኝ ይሆን? ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ብነሳ ልጅቱ በሰኔ ትወድቃለች። መጽሐፉን ተቀበልሁ፣ መሐል ገለጥሁና አንድ ቃል ላይ ጣቴን አኖርሁ። ይህን ብቻ በይኝ አልኋት።

አስካለ ጣቴን አየች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ገጹ አናት ወጣ፤ ከንፈሯ ሳይከፈት ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ ታጎመጉም ጀመር። ጣቷ ወደ ጣቴ እየቀረበ መጣ። ደረሰና «ገበያ» አለች። ቃሉ «ውሃ» ነበር።

 አቶ ደምሴ ፊደል አያውቁም፤ ያን ጉምጉምታ ግን ያውቁታል። 

«እኔ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እደግማለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው። «መጽሐፉ ቢሰጠኝ ግን የትኛው ራሱ የትኛው እግሩ እንደሆነ አላውቅም። እንደዚያ ነው?»

«እንደዚያ ነው» አልኋቸው።

ወዲያው ስለ ሰኔ፣ ስለ አቡጊዳ፣ በየቀኑ ስለምፈልገው ሰዓት ተናገርሁ። እየሰሙኝ አልነበረም። «አራት ዓመት ሰጠኋችሁ» አሉ። አስካለ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማ ነበር። እኔን አላየችኝም፣ አባቷንም አላየችም።

ሰኞ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ጥር ላይ ተዳረች። ዳይሬክተሩ አውጪዬን አጠፋሽብኝ ብሎ ተቆጣኝ፤ በሳምንቱ ሌላ ልጅ መረጠ። ብዙም ሳይቆይ ወረዳ ገባ፣ ከዚያም ከፍ አለ። እኔ እውነት ለመናገር ብሄድ ልጅቱን አስወጣሁ፤ እሱ ዋሽቶ ቢያስቀምጣት ሹመት አገኘ። እግዚአብሔር ይወቅልኝ ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዓመታት በኋላ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ልጆች ማንበብ አይችሉም ተብሎ ተጠና፣ ጥፋቱ የዘፈን ነው ተባለ፤ የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ተሰጠ፣ አንደኛ ክፍል በዜማ ማስተማር ቀረ። ዜማ ሰበራውን ሲነጠቅ የተቃወመ አንድም ሰው አልነበረም፤ ዜማው ራሱ ሲቀር ግን ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ በተዛወርሁባቸው በዘመሮም በቀየትም የሠራሁት በር ዘግቼ፣ ድምፅ አሳንሼ ነው። ሰው የሚያስተምረውን ትምህርት እንደ ካቲካላ ሲደብቅ አስቡት።

ቀየት ሳለሁ አንድ መስከረም ምዝገባ ላይ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ቆማ አየሁ። ያወቅኋት ስትናገር ነው፤ ድምፅ አያረጅም። አስካለ ነበረች። ጉልበቴን ልትስም አጎነበሰች፣ አነሳኋት። ባሏ ደህና ሰው እንደሆነ፣ አባቷ እንደሞቱ ነገረችኝ። ልጇን ትዕግሥት ብላታለች።

«እርስዎ ክፍል ከገባች ደስ ይለኛል» አለችኝ። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ልጄን በዘፈን እንዳያስተምሩብኝ።»

ጥፋቱ የዜማ እንዳልነበረ ልነግራት አፌን ከፈትሁ። አህያውን፣ ጭነቱን፣ ማስመሪያውን፣ ሁሉንም ልነግራት። ለሷ ግን ይህ ሁሉ ምንድን ነው? እሺ አልኋት።

ቃሌን ጠበቅሁ። ሌሎቹ በር ተዘግቶ ሲያዜሙ ትዕግሥት አፏን ዘግታ ትቀመጣለች፤ እናቷ አዝዛታለች። ዓይኗ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ይዞራል። እሷን ለብቻዋ፣ በደረቁ፣ ፊደል በፊደል አስተማርኋት። ዘገየች። ሌሎቹ በኅዳር የደረሱበት እሷ በሚያዝያ ደረሰች። ከዕድሜዋ በላይ ጸጥተኛ ልጅ ሆነች፤ ስትስቅ አልሰማሁም። ግን ለየች። የትኛውንም ቃል ብታሳዩአት ትነግራችሁ ነበር።

በሰኔ መዝጊያ አስካለ መጣች። ትዕግሥት መጽሐፏን ይዛ እንድታነብላት አልሁ። አስካለ መጽሐፉን ከልጇ እጅ ወስዳ መሐል ላይ ከፈተችው። «ከዚህ» አለቻት። ልጅቱ አነበበች፣ ያለ ዜማ፣ ቃል በቃል። አስካለ ሌላ ገጽ ገለጠች፤ አነበበች። ከኋላ ገለጠች፤ አነበበች። መስመር ዘላ ጣቷን አኖረች፤ ልጅቱ ቃሏን ተናገረች። በመስኮቱ የሚታየው ግቢ ባዶ ሆነ፣ ዘበኛው ቁልፍ ይዞ በር ላይ ቆመ፤ አስካለ ግን መግለጧን አልተወችም። ልጅቱ ደከማት።

በመጨረሻ መጽሐፉን አየችው፣ የልጇን አፍ አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ፊደል አታውቅም። ልጇ ታንብብ፣ ትሸምድድ፣ በምን ትለየው?

«እያነበበች ነው?» አለችኝ።

«እያነበበች ነው» አልኋት። «በእመብርሃን፣ እያነበበች ነው።»

«ለአባቴም መምህራኑ እንዲህ ነበር የሚሉት» አለችና መጽሐፉን ዘጋችው።